ሁለተኛው ጉርሻ

የመኖው ሳጥን ለገብስማዋ ዶሮ አልከፈት አለ። ፕሮቲን በአገሩ ከጠፋ ወዲህ ሳጥኑ የሚከፈተው የእግሯ ቀለበት ሆዷን መርምሮ «የበላችው ይዋሐዳታል» ላላት ዶሮ ብቻ ነው። ገብስማዋ ደግሞ አርጅታለች፤ የበላችው እንዳለ ይወጣል።

እማማ አሰገደች ታቅፈዋት ከገዛ ምሳቸው ምስር ወጥ በእንጀራ ጠቅልለው አጎረሷት። ከጫጩትነቷ ያሳደገቻት ሟች ልጃቸው ሶስና ነበረች።

ቀለበቱ የጣላትን ዶሮ ልትወስድ የመጣችው የመኖ ተቆጣጣሪ በሩ ላይ ደረሰች።

«ምነው እማማ! ለማይዋሐደው ሆድ ምስር ክልክል እንደሆነ እያወቁ?» ብላ እጇን ዘረጋች።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል ልጄ። ሁለተኛውን ላጉርሳትና ውሰጃት።»

«ለዶሮ ደግሞ ጉርሻ አለ እንዴ?»

አሰገደች እየጠቀለሉ ነበር።

«ሶስናዬም ታማ ምግብ አልዋሐዳት ሲል ተቆጣጣሪዎች ድርሻዋን ከለከሏት። ደብቄ አንድ አጎረስኳት። ሁለተኛውን ስጠቀልል ደርሰው እጄን ያዙኝ። አፏን ከፍታ እየጠበቀችኝ ነበር። ሶስናዬ እንደተጣላን ሄደች።»

ተቆጣጣሪዋ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ገብስማዋ ሁለተኛውን እስክትውጥ ድረስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆየች።