የላላው ብሎን

ፈንታ ከሚስቱ ወንድም መኪና ብሎኑን ሲፈታው ዝገቱ መዳፉ ላይ ረገፈ። የባትሪው ጥቁር ገመድ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚታሰረው እዚህ ላይ ነበር፤ የባሕር ዳሩ ከተማ ጨዋማ አየር በልቶታል። ፈንታ ሳቁ መጣ። የሚስቱ ወንድም፣ መብራቱ ደበዘዘ፣ ቴፑም ካሴት ውጦ ቀረ እያለ ወር ሙሉ ባትሪ ሲቀያይር፣ ጥፋቱ የዚች ብሎን ኖሯል። ልጁ ሰሞኑን ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ዛሬም “እሑድ ማለዳ ሥራ አትሂድ፤ እንግዶች አሉብን” ቢለው፣ ፈንታ “እዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ አለቃዬ አይለቀኝም” ብሎት ነበር።

ብረቱን ነጭ እስኪሆን ፈትጎ አዲስ ገመድ አሰረ። የመኪናውን ቁልፍ ከፍቶ ትቶት ስለነበር፣ ብሎኑን እንዳጠበቀው የፊት መብራቶቹ የሕንፃውን ግድግዳ ቦግ አደረጉት። ቴፑም አብሮ ነቃ፤ የዋጠውን ካሴት ማጫወት ጀመረ። ድምፅዋን ቀድታ በላከችው ካሴት ላይ አዲስ አበባ የቀረችው እህቱ ነበረች የምትናገረው።

“...እናታችንን ማክሰኞ ቀበርናት። ለፈንታ እንዳትነግሩት። ሽማግሌ ሰብስባችሁ መርዶውን በወጉ ንገሩት። ብቻውን እንዳይሰማ፣ አደራ።”

እህቱ ማልቀስ ጀመረች። ያኔ እጁ፣ እሱ ያላዘዘው ይመስል፣ አሁን ያጠበቀውን ብሎን መልሶ ይፈታ ጀመር። ገመዱን ከብረቱ ሲያነሣው መብራቱም ልቅሶውም ድርግም አሉ።

የሚስቱ ወንድም ቀዝቃዛ ውሃ ይዞ ከደረጃው ወረደ። “ጋሼ ፈንታ፣ ሀኮል በሴደር?” አለ በዕብራይስጥ፣ “ሁሉም ደህና ነው? በራ?”

“ገና ነው” አለ ፈንታ፣ ከኮፈኑ ሥር ቀና ሳይል። “እሑድ ግን ሥራ አልሄድም።”