የፌርማታዋ እናት

የመጨረሻው አጭር ፊልም ሲጀምር አዳራሹ ውስጥ ባዶ ወንበር አልነበረም።

የሰፈሩ የፊልም ምሽት የሚካሄደው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው አዳራሽ ነው። ካሜራ ያለውም፣ ተውሶ የሚቀርጸውም፣ በራሱ ጥረት የሠራውን ይዞ ይመጣል። ፊልሙ ነጩ ግድግዳ ላይ ይታያል፤ ከዚያ ተመልካቹ ወይ ያመሰግነዋል ወይ ልክ ልኩን ይነግረዋል። መድረኩን የሚመሩት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከእያንዳንዱ ፊልም በፊት «ዝምታ!» ብለው ስለሚጮኹ ሰፈሩ «ጋሽ ዝምታ» የሚል ስም አውጥቶላቸዋል።

የዚህኛው ፊልም ባለቤት ቀን ቀን ፎቶ ቤት ተቀጥራ የጉርድ ፎቶ የምታነሳ ወጣት ነች። ፊልሟ ስለ አንዲት አሮጊት ነው። አሮጊቷ ጥሏቸው የሄደ ልጃቸውን እየጠበቁ በየቀኑ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ይቀመጣሉ። ዛሬ የክብር እንግዳ ሆነው ከፊተኛው ረድፍ ተሰይመዋል። ሁሉም «እማማ» ነው የሚላቸው።

ቀረጻው ፎቶ አንሺዋን አሳሯን አብልቷታል። እማማ አንድ ቀን ልጃቸውን ሾፌር ያደርጉታል፣ ሌላ ቀን መካኒክ። አውቶቡስ ሲደርስ ዓይናቸው ወደሚወርዱት ሰዎች አይሄድም፤ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው የተቀመጠውን ነው የሚያዩት። ልጅቷ «እርጅና ነው፣ ዓይናቸውም ደክሟል» ብላ ያንን ሁሉ ቆርጣ አወጣችው። «በቃ እማማ፣ ጨርሰናል» ባለቻቸው ማግስት ደግሞ ስልክ ደወሉ፤ ስለ ልጃቸው ያልነገሯት ነገር ትዝ ብሏቸው ነበር። እንዲህ እያሉ ደጋግመው አመላለሷት። እሷም አልሰለቸችም። ፊልሙ ልጁን ያገኘዋል ብላ ከልቧ ታምን ነበር።

ግድግዳው ላይ እማማ ፈገግ አሉ። «ሾፌር ነው የኔ ልጅ፤ ሆደ ቡቡ ነው። ጨክኖ አይቀርም፤ አንድ ቀን ይመጣል።»

ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ አንድ ሰው ተንሰቀሰቀ።

ጭንቅላት ሁሉ ዞረ። ቡናማ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ፊልሙ ከተጀመረ በኋላ ዝናብ እያንጠባጠበ ነበር የገባው። የሰፈሩ ሰው አይደለም። እንዳዩት ሲያውቅ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነና ለመውጣት ተነሣ።

በሩ ላይ ግዙፉ የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ቆሟል። ሥጋ ሻጩ በር ላይ ከቆመ በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

«ወዴት ነው?»

«ልለፍ፣ ወንድሜ። መኪና አቁሜያለሁ።»

«የምን መኪና?»

«የጭነት። ሾፌር ነኝ።»

«ሾፌር ነው!» አለች አንዷ። ቃሉ ከወንበር ወንበር እየዘለለ ፊት ረድፍ ደረሰ። አንድ ሰው መብራቱን አበራው። ፊልሙ ግድግዳው ላይ ደብዝዞ ብቻውን መናገሩን ቀጠለ።

«እናት አለህ?» አለ ሥጋ ሻጩ።

ሰውዬው በጃኬቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ። «ነበረችኝ።»

«ነበረችኝ ይላል እንዴ! እዚህ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ!»

«አንተ የእናት ጡት ነካሽ!»

«እንዳይወጣ! ያዙት!»

ወንበሮች ተንኳኩ። ጎልማሳው ለመናገር አፉን ከፈተ፤ ጫጫታው ዋጠው። አንዱ ክንዱን፣ ሌላው የጃኬቱን አንገት ጨመደደው። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን አነሣች። በግፊያው ምስሉ አልረጋላት አለ። «እሱ ይሁን» አለች በልቧ። «እባክህ፣ እሱ ሁን።»

«ዝምታ!»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ጋሽ ዝምታ እማማን ደግፈው አስነሡና በወንበሮቹ መሀል እያዘገሙ አመጧቸው።

«እማማ፣ እስቲ ረጋ ብለው ይዩት። ልጅዎ ነው?»

እማማ ተጠግተው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ዳሰሱት፤ ግንባሩን፣ አገጩን። ሥጋ ሻጩ የሰውዬውን ትከሻ እንደጨበጠ ነው። «አይደለም» ቢሉ ሰውዬው ይለቀቃል፤ «ነው» ቢሉ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም።

«ከስተሃል» አሉ እማማ።

ሰውዬው እግራቸው ሥር ተንበረከከና ቀሚሳቸው ላይ ተደፋ። «ይቅር በይኝ» አለ። «ይቅር በይኝ፣ እማዬ።» ልቅሶው የእውነት ነበር፤ ማንም ሊጠራጠረው አይችልም።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሁሉም በላይ ያለቀሰው ሥጋ ሻጩ ነው። ቅድም የሰደቡት አሁን እየተሻሙ ሳሙት፤ አንዷ የራሷን ጃንጥላ አስጨበጠችው። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን እንደያዘች ተከትላቸው ልትወጣ ስትል ጋሽ ዝምታ ክንዷን ያዙ።

«ተያቸው፣ ልጄ። ይኼ እንኳ ፊልም አይደለም።»

ዝናቡ አባርቷል። ጎልማሳው እማማን ደግፎ ቀስ እያለ ሄደ። የአዳራሹ ድምፅ ከኋላቸው ራቀ። መታጠፊያውን እንዳለፉ ሰውዬው ቆመ።

«እማማ፣ ይህንን ይዤማ ማደር አልችልም» አለ። «እዚያ የገባሁት ዝናብ ሽሽት ነው። የኔ እናት ሞታለች። መንገድ ላይ ነበርኩ፣ ቀብሯ ላይ እንኳ አልደረስኩም። ሲጮኹብኝ... እርስዎም እንዲያ ሲዳስሱኝ... አቃተኝ። እግዜር ይይልኝ፣ ላታልልዎት ብዬ አይደለም። እኔ ልጅዎ አይደለሁም።»

እማማ ክንዱን አለቀቁም።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉት። «እኔ ወልጄ አላውቅም።»