የበራሪው ሰሃን ክር

ጎፋ፣ ወይዘሮ ትሩፋት ቪዲዮ ቤት፣ እሁድ ከሰዓት ዘግይቶ የመጣ ሰው መቀመጫ አያገኝም ነበር። ሰዉ የሚጎርፈው ለፊልሙ ብሎ አይደለም። ፊልሙማ ፈረንጆቹ ራሳቸው የረሱት፣ ስለ ማርስ ሰዎች የሚያወራ አሮጌ ጉድ ነው። ሰዉ የሚመጣው ዳኜና ሚሳኤል ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሲቀልዱበት ለመስማት ነው።

የድስት ክዳን የመሰለው በራሪ ሰሃን እየተንገዳገደ ሲወርድ ሚሳኤል «ወራጅ አለ!» ብሎ ይጮሃል። የላስቲኩ ጭራቅ ጀርባውን ሲያዞር ደግሞ ዳኜ ይቀበላል።

«ምስኪን! እናቱ ዚፑን ሳትዘጋለት ነው እኮ ከማርስ የወጣው!»

በዚህ ጊዜ የቆርቆሮው ቤት በሳቅ ይናጋል።

ሁለቱ የቀበሌ ኪነት ውስጥ አብረው ያደጉ ናቸው። መንግሥት ተለውጦ ኪነቱ ሲበተን ሌሎቹ ወደየሥራቸው ሄዱ። ሚሳኤል ግን ከቀልድ ሌላ ሙያ አልነበረውም። ከዳኜ ሌላ ወንድም የሚለውም ሰው አልነበረውም። ዳኜ ከተለየው ያቺ በርጩማ ብቻዋን ምንም እንደማትሆን ያውቃል። ለዚህ ነው ነገሩ እንቅልፍ የነሳው።

ነገሩ የጀመረው በሰላምታ ነው። አንድ ቀን መንገድ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ሚሳኤል ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋ። ዳኜ ዝም ብሎት አለፈ፤ የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ኮርተሃል አሉ» አለው ሚሳኤል በኋላ።

«ሐሳብ ይዞኝ ነው ሚሳዬ፣ ይቅር በለኝ።»

ሚሳኤል ይቅር አለ። ግን ቀልዱም ተበላሸ። ድሮ ጣቱን ቀሰር ካደረገ «ተራው የእኔ ነው» ማለቱ ነበር፤ ዳኜም ዝም ይልለት ነበር። አሁን ጣት ቢቀሰር ከምንም አይቆጥረውም፤ በላዩ ላይ ይናገርበታል። ሰዉ ይስቃል፣ ሚሳኤል አፉን ከፍቶ ይቀራል። ሰው ፊት መናቅ እንዴት እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

ቀጥሎ ወሬ መጣ። ከተማ ያለ አንድ ሆቴል ቀልደኛ እየፈለገ ነው፤ ሰው ልኮ ዳኜን አናግሯል ተባለ። ሚሳኤል አላምንም አለ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ተረት ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ከጆሮው አልጠፋ አለ።

ከዚያ ደግሞ ሶፊ መጣች። ሶፊ የወይዘሮ ትሩፋት ልጅ ናት፤ ማትሪክ ተፈትና ቤት የተቀመጠች፣ ብልህ ልጅ። ዳኜ ከእሷ ጋር የማይታይበት ሰዓት ጠፋ። አስፋልት ሲሻገሩ እንኳ እጁ ከትከሻዋ አይወርድም።

አንድ ጠዋት ሚሳኤል ቪዲዮ ቤቱ ሲደርስ በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። የፊልም ድምፅ ይሰማል። ወይዘሮ ትሩፋት በጓሮ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«አዲስ ካሴት መጥቶልናል። ለእሁድ ነው» አሉት። «ዳኜ ከሶፊ ጋር እያየው ነው።»

«እኔስ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ማንም እንዳይገባ ብሏል።»

ሚሳኤል ዞሮ ጆሮውን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈ።

«በራሪው ሰሃን የተንጠለጠለበት ክር በየት በኩል ነው?» ይላል ዳኜ።

«በግራ በኩል። ወፍራም ነው» ትላለች ሶፊ።

«የእጅ ሰዓት ያሰረው የማርስ ሰውዬስ?»

«አጭሩ። መሰላሉን ሲወርድ ነው።»

«ጎሽ! በይ እንደገና ከመጀመሪያው።»

አስተማሪ ተማሪውን ሲፈትን እንዲህ ነው። ልጅቷን እያሰለጠናት ነው! በእኔ በርጩማ ሊያስቀምጣት ነው! ሚሳኤል በሩን ሳያንኳኳ ተመለሰ።

ማታ ላይ አላስቻለውም።

«ዳኜ፣ ልትለየኝ ነው?»

ዳኜ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ «እስከቻልኩ ድረስ አልለይህም» አለ።

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ከሶፊ ጋር ምንድነው የምትሠሩት?»

«ጊዜው ሲደርስ እነግርሃለሁ። አሁን አትጠይቀኝ።»

ሚሳኤል ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ የራሱን ዘዴ አሰበ። የቪዲዮ ማጫወቻው ከእሱ በርጩማ ጎን ነው፤ ከጀርባው ሁለት ገመድ ይወጣል፣ አንዱ ለድምፅ፣ አንዱ ለምስል። ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርስ የምስሉን ይነቅለዋል። ዳኜ የሚለው ጠፍቶት ሲንተባተብ እሱ ይነሳና ስለ ጨለማ ያዘጋጀውን ቀልድ ያወርደዋል። ያኔ የቤቱ ምሰሶ ማን እንደሆነ ወይዘሮ ትሩፋትም ሆቴሉም ያያሉ። እንዲህ ማሰቡ ራሱን አስቀየመው፤ ሐሳቡን ግን አልተወውም።

እሁድ ደረሰ። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ዳኜ የሶፊን ትከሻ ይዞ ገባና ቦታው ላይ ተቀመጠ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ሶፊ በር ላይ ቆመች። ፊልሙ ተጀመረ፣ ዳኜም እንደዚያን ቀን አምሮለት አያውቅም። ሚሳኤል ሳይወድ በግዱ ሁለቴ ሳቀ፤ ወዲያው የድሮው ጊዜ ትዝ አለውና ሆዱ ባባ።

በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ በራሪው ሰሃን ሊወጣ ሲል የሚመጣው ሙዚቃ ተሰማ። ሚሳኤል እጁን ወደ ኋላ ሰደደና ገመዱን ነቀለ።

ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ሙዚቃው ቀጠለ። ከኋላ አንዱ አፏጨ። ሚሳኤል የዳኜን መንተባተብ ጠበቀ።

ዳኜ ግን ቴሌቪዥኑ መጥፋቱን ሳያውቅ ከበርጩማው ብድግ አለና ጣቱን ወደ ጠቆረው መስታወት ቀሰረ።

«ክሯን አያችኋት? በግራ በኩል! ዛሬማ ቁልጭ ብላ ትታያለች!»