ትንሽ የፈጀው ቤት

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ሕግ ወጣ፦ ለአዲስ ቤት መብራት የሚገባለት ከነባሮቹ አንዱ ሲቆረጥ ብቻ ነው። የሚቆረጠውን የሚመርጠው ኢንጂነር ይታገሱ ነበር። የሚመርጥበት ዝርዝር ስም የለውም፤ የቆጣሪ ቁጥር ብቻ ነው። ትናንት ከሁሉ ትንሽ የፈጀውን ቆጣሪ ቆረጠ። «ሰው የማይኖርበት ቤት መሆን አለበት» ብሎ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቱ እትዬ አስካለ ኢንሱሊናቸውን በፌስታል ይዘው በሩን አንኳኩ።

«ይታገሱ ልጄ፣ መብራቴን ቆረጡብኝ። መድኃኒቴን እንዳይበላሽብኝ ካንተ ፍሪጅ ላስቀምጠው?»

«የእርስዎን ቤት?»

«ምን እንዳጠፋሁ እንጃ! አንተ በእድሩ ስብሰባ ‹ቆጥቡ፣ ለሌላው ይተርፋል› ካልከን ወዲህ ከፍሪጄ በቀር ምንም ከፍቼ አላውቅም። የማመሸው እንኳ በኩራዝ ነው።»

ይታገሱ «እኔ ነኝ» ሊል አፉን ከፈተ፤ «ይስጡኝ» ብቻ አለ። ፌስታሉን ተቀብሎ ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉት። ሊወጡ ሲሉ፣ ፀሐይ ወጥቶም ያልጠፋውን የሳሎኑን አምፖል አዩ። ማጥፊያውን ቀስ ብለው ተጫኑለት።

«ለሌላው ይትረፍ፣ ልጄ።»