ቀዩ ክር

ልጅቷ አምስት ወር በሞላት ሳምንት እናቷ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ገደል ላይ ቀይ ክር አየች።

ቤቱ ሲሠራ ኮረብታው የተቆረጠው በዚያ በኩል ነው፤ ዓለቱ አረንጓዴ ነው። የልጅቷን ጨርቆች ልታሰጣ ወጥታ ነበር። ክሩ ከላይ ጀምሮ እስከ ልብስ ማጠቢያው ድረስ ወርዷል። ነካችው። ጣቷ ቀላ።

«ዝገት ነው» አላት ባሏ። በያጅ ነው። «ቀኑን ሙሉ ዝገት ስፍቅ የምውል ሰው፣ ቤቴ ገብቼ ደግሞ ዝገት ልፍራ?»

«ድንጋይ ይዝጋል እንዴ?»

«እሱን ድንጋይ አናጋሪውን ጠይቂ።»

ሰፈርተኛው ድንጋይ አናጋሪ የሚለው ከታች መንገድ ሥራው ላይ ያለውን የድንጋይ ባለሙያ ነው። በማግስቱ መዶሻውን ይዞ መጣ። ገደሉን ኳ፣ ኳ አደረገና ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ አንዲት ፍንካች አንስቶ አቀበላት። ውጪዋ ቀይ፣ ውስጧ አረንጓዴ።

«ይሄ ዓለት ድሮ ጭቃ ነበር» አላት። «ሸክላ አፈሩ ውስጥ ብረት አለ። አየርና ውሃ ካልደረሰበት እንዲሁ አረንጓዴ ሆኖ ይተኛል። ዓለቱ ሲሰነጠቅ ግን ሁለቱም ይገባሉ። ያኔ ብረቱ ከሸክላው ይለይና ይዝጋል።»

«እና ቀዩ ምን ማለት ነው?»

«እዚህ ጋ ተከፍቷል ማለት ነው፣ እህቴ።»

«ሊናድብን ነው?»

«መከፈቱን እንጂ መንቀሳቀሱን ቀለሙ አይነግረንም። እሱን የሚነግረን ጀሶ ነው።» ጀሶ በጥብጦ ክሩ ላይ አጋድሞ ለጠፈው። «ይሄ ከተሰነጠቀ ልጅሽን ታቅፈሽ ሩጪ። ጫማ እንኳ አትፈልጊ።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ስታጠባ ዓይኗ ጀሶው ላይ ነው። ጠጠር ኮሽ ባለ ቁጥር ልጅቷን ከጡቷ ነጥቃ ትነሳለች። ወተቷ ቀነሰ። ባሏ ከሥራ ሲመለስ ሰላምታዋ «ዞር ብለህ እየው» ሆነ።

በአራተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ክሩ ሁለት ሆኖ አደረ። ጀሶው ደህና ነው። እሷ ግን አልጠበቀችም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብላ ልጅቷን አዘለችና አማቷ ቤት ሄደች።

አማቷ የሚኖሩት ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ነው። ስትደርስ እጃቸው እስከ ክርናቸው ነጭ ሆኖ አገኘቻቸው።

«ግቢ፣ ግቢ! ይሄ ጀሶ ሻጭ መጫወቻው አደረገኝ እኮ። የጓዳውን ግድግዳ መርጌ ዞር ከማለቴ ስንጥቅ! ዛሬ ግን በወፍራሙ ለጠፍኩለት። አንቺን ምን አመጣሽ?»

ነገረቻቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ድንጋይ ፈርተሽ? ሟቹ ባሌ በሰማሽ! ይሄን ጓዳ ኮረብታው ላይ አስደግፎ ሲሠራልኝ ሦስት ግድግዳ አቆመና፣ ‹አራተኛውን እግዜር ሠርቶልኛል› ብሎ የተረፈውን ብሎኬት ለአጥር አዋለው። ሠላሳ ዓመት ተኝቼበታለሁ፤ ዛሬ ልጅሽ ትተኛበት። መስኮት ስለሌለው ብርድ የሚባል አያውቅም።»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ።»

የልጅቷን አልጋ ወደ ውስጥ አስጠጉላት። በዚያች ሌሊት እናቲቱ ከአምስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጥ ብላ ተኛች።

ጠዋት የልጅቷን ራስ ስትዳብስ ነጭ ብናኝ እጇ ላይ ቀረ።

«ጀሶ ነው፤ ሲደርቅ ይረግፋል» አሉ አማቷ። «የልጅ ልጄ ከእኔ ቀድማ ሸበተች በያ!»

ልጅቷ ጠብታ ስታንቀላፋ አስተኝታት ወጣች። የጓዳው በር አልገጥም ብሎ አስቸገራት፤ በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።

እኩለ ቀን ላይ ባሏ ደወለ።

«ድንጋይ አናጋሪው አሁን ከዚህ ሄደ። ጀሶው ፀጉር ታህል አልተነካም። የእኛ ስንጥቅ ድሮ ተከፍቶ ድሮ የቆመ ነው አለ። ነይ በቃ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ።»

«በልጅህ ማል።»

«በእሷ እምላለሁ! ዝገት ነው አላልኩሽም?»

ስልኩን ስትዘጋ ትስቃለች፤ እንባዋም ይወርዳል። አማቷ ከደጅ ሰምተው «ፈሪ! ፈሪ!» እያሉ ያሾፉባታል። ጨርቆቹን ሸከፈች። ማዘያዋን ትከሻዋ ላይ ጣለች። እየሳቀች ልጅቷን ልታነሳ የጓዳውን በር ገፋችው። ግማሽ ድረስ ብቻ ተከፈተ።

ከአልጋው ራስጌ፣ ትናንት የተመረገው ጀሶ ከወለል እስከ ጣሪያ ለሁለት ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ቀይ ነው፤ መስኮት በሌለው ጓዳ ውስጥ የልጅቷ ፀጉር በነፋስ ይርገበገባል።