የካድሪ እናት

የማንጎ ወራት ሲደርስ የአውስትራሊያዋ ከተማ ቦወን ከየአገሩ በመጡ ወጣቶች ትሞላለች። አገር እናያለን ብለው ይመጣሉ፣ ገንዘባቸው ቶሎ ያልቅና ማንጎ ለቀማ ይገባሉ። ግማሾቹ ከቤታቸው ሲነሱ የጉዞ ኢንሹራንስ ይገዛሉ። ግማሾቹ ደግሞ በዚያው ገንዘብ ቢራ ይጠጡበታል። በዚህ ዕድሜ ማን ይሞታል?

ሁለቱ ልጆች ከኢስቶኒያ ነበሩ። የእርሻው ባለ አራት ጎማ ሞተር ሁለቱን እንደጫነ ተገለበጠ። አንዷ ክርኗ ብቻ ተላጠ። ሌላዋን በሄሊኮፕተር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰዷት።

አብራት ሆስፒታል የመጣችው፣ ክርኗ የተላጠው ልጅ፣ ስሜ ሄሌ ነው አለች። ከቦርሳ ፓስፖርትና የኢንሹራንስ ካርድ አውጥታ ለነርሷ፣ ለሲስተር መሌ ሰጠቻት።

"ካድሪ ትባላለች" አለች።

ሲስተር መሌ ፎቶውን አየችና ወደ አልጋው ዞረች። ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ያበጠ ፊት ደግሞ የማንንም ፎቶ አይመስልም። የልደት ቀን ጠየቀች። የእናት ስም፣ አድራሻ ጠየቀች። ልጅቷ ሁሉንም ሳትደናቀፍ ዘረዘረችላት።

"የማይስማማት መድኃኒት አለ?"

"አላውቅም።"

"ሞተሩን ማን ነበር የሚነዳው?"

ልጅቷ መሬት መሬት አየች። "አላስታውስም።"

ሲስተር መሌ ከቶንጋ ደሴቶች የመጣች፣ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ ሲዋሿት አይጠፋትም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጅቷን ጠመደቻት።

በማግስቱ ዶክተር ናይር የጭንቅላቱን ምርመራ አይቶ ሲመጣ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

"አንጎሏ አብቅቶለታል። የሚያስተነፍሳት ማሽኑ ነው" አለ።

"ዶክተር፣ እናቷ ሳታያት እንዳይነቀል። የኔን እናት ከዚህ ሆኜ በስልክ ነው የቀበርኳት። እሱን ለማንም አልመኝም" አለች ሲስተር መሌ።

"እንጠብቃታለን። ኢንሹራንሱ የእናትየዋን ትኬት ይከፍላል። ሬሳውንም አገሯ ድረስ ያደርሳል። ቢያንስ ይሄን አስባበታለች።"

ከወንበሩ ላይ ልጅቷ ብድግ አለች። "ሲስተር፣ እባክዎ ለእናቷ አይንገሩ። ልቧ ደካማ ነው።"

"ልጇ እየሞተች አይነገራት? አንቺ ጤነኛ ነሽ?"

"ትንሽ ጊዜ ብቻ ይስጡኝ። እኔ... በኋላ ራሴ እነግራታለሁ።"

"ጊዜ ያለው ማን አለ እዚህ?" አለችና ሲስተር መሌ ራሷ ለኢንሹራንሱ ደወለች።

ዜናው ከተነገራት በኋላ እናትየው ወደ ልጇ ስልክ ደጋግማ ደወለች፤ ዝግ ነው። ሲስተር መሌ ይህን ስትሰማ መጥታ ልጅቷ ፊት ቆመች።

"የካድሪ ስልክ የታለ?"

"እርሻው ላይ ጠፋ።"

ይህን ስትል እጇ የጃኬት ኪሷን ሸፈነ። ሲስተር መሌ አየች፣ ግን ፖሊስ አይደለችም። አልጋው ላይ ጎንበስ አለች።

"ካድሪ! ካድሪዬ፣ እናትሽ እየመጣች ነው!"

አልጋው ላይ የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። ወንበሩ ላይ ያለችው ግን ክው አለች።

"ምን ያስበረግግሻል? ለመሆኑ አንቺስ ኢንሹራንስ አለሽ?"

"የለኝም። መኪናችን ተበላሽቶ ገንዘቡ እዚያ ገባ።"

"አንቺ ብትሆኚ ኖሮ ማን ይከፍልልሽ ነበር? ዕድለኛ ነሽ።"

ልጅቷ አለቀሰች። ሲስተር መሌ አላባበለቻትም፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። የሚያለቅስ ሰው ውሎ አድሮ ይናዘዛል።

ወንበሩ አጠገብ ሌላ ስልክ ነበር። ሽፋኑ የተሰነጠቀው ይህ ስልክ ጠዋት ማታ ይጠራል፤ ልጅቷ ታየዋለች እንጂ አታነሳውም።

"ማን ነው እንዲህ የሚጨነቅልሽ?"

"እናት... እናቴ ናት።"

"ታዲያ አንሺላት እንጂ!"

"ምን ልበላት?"

"ደህና ነኝ በያታ! ደህና አይደለሽ?"

ልጅቷ የሚጠራውን ስልክ አልጋው ላይ፣ የማይንቀሳቀሰው እጅ አጠገብ አስቀመጠችው። ሁለቱም ጥሪው እስኪቋረጥ ድረስ አዩት። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ከዚያ አልተነሳም። ልጅቷም ከአልጋው አልራቀችም፤ በራሷ ቋንቋ ስታንሾካሹክ ትውላለች። ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስላለች።

እናትየው የመጣችበት ቀን ሙቀቱ አይጣል ነበር። አጠር ያለች ሴት ናት፤ የአገሯን የክረምት ካፖርት ክንዷ ላይ አንጠልጥላ በኮሪደሩ ስትመጣ ታየች። ልጅቷ ወደ በሩ ሮጠች። ሲስተር መሌ ክንዷን ያዘቻት።

"የትም አትሄጂም። ያደረግሽውን ዓይኗን እያየሽ ትነግሪያታለሽ።"

"ሲስተር፣ እባክዎ..."

"እዚሁ ቁሚ!"

ልጅቷ ከበሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እናትየው ማንንም ሳታይ አልፋ በቀጥታ ወደ አልጋው ሄደች። ዶክተር ናይር ማሽኑ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሲስተር መሌ እንባዋ መጣ፤ ቢያንስ ይህች እናት ደርሳለች።

ሴትዮዋ የበሽተኛዋን እጅ አነሳች። ገለበጠችው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካች፣ ከዚያ ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችው።

በዚህ መሃል አልጋው ላይ ያለው ስልክ መጥራት ጀመረ። ሴትዮዋ የሚያነሳው ሰው ፍለጋ ዞር አለች፤ ካፖርቱ ከክንዷ ወደቀ።

"ካድሪ!" አለች፣ ግድግዳው ላይ ለተለጠፈችው ልጅ።