የሽበቱ ዘለላ

ሰውየው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ድሬድ ፀጉሩን ታጥቦ ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ የድሬድ ዘለላ ከኪሱ አወጣ። ዘለላው ከሥር እስከ ጫፉ ሽበት ነበር።

«ይህን ከኋላ ቀጥዪልኝ፣ ሚስ ኦሬት።»

«ከራስህ የወለቀ ነው? በሠላሳ ዓመትህ እንዲህ ሸበትክ!» ብላ ሳቀች ፀጉር ሠሪዋ። እሱ ጋዜጣውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። በኪንግስተን የወለቀ ድሬድ መልሶ ማስቀጠል ብርቅ ስላልሆነ፣ እሷም ሌላ ነገር አልጠየቀችም። በኪሮሽ መርፌ ማጅራቱ ላይ ካለው ዘለላ ጋር አያያዘችው፤ መጥበቁንም ሳብ አድርጋ ፈተነች። ከዚያ እንደ ልማዷ ብሩሹን ሰማያዊው ቀለም ውስጥ ነክራ የሽበቱ ጫፍ ላይ አሳረፈች።

«ተይ! እሱን አትንኪው!» እጇን ያዛት። «የአባዬ ነው። ከመቀበሩ በፊት ነው የቆረጥኩት። ቀለም አይወድም ነበር። ይህን ሰማያዊ ፀጉሬን ባየ ቁጥር ‹መጣ ደግሞ በቀቀኑ› ይለኝ ነበር።»

ሚስ ኦሬት ደነገጠች። የሽበቱ ጫፍ ላይ ጥፍር የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ቀርታለች። «ቶሎ ካጠብኩት ይለቃል» አለች ፎጣ እየፈለገች።

ሰውየው ዘለላውን በትከሻው ላይ ወደ ፊት ስቦ በመስታወቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየው።

«ተዪው» አላት። ከዚያ ወደ ዘለላው ጎንበስ ብሎ፣ «መጣ ደግሞ በቀቀኑ» አለው።